የቤቱም የመንገዱም ከአንድ መቀነት



ለዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት የሆነን ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችላቸው የጎረቤት ልጅ መሆኗን ከግርጌው ላይ ገልጻለች፤ ቃሉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእናትየዋ እንደሆነ ያስታውቃል። እንዲህ ይላል፤

«ልጄ ከአገር ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ለንደን ከሚባለው ከተማ ዳር ላይ ሁለት ልጆቿን ይዛ በኪራይ ትኖራለች። ሥራዋ ሌሊት አረጋውያን መጦር ነው። ድሮ በየወሩ ትልክልኝ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን መጀመሪያ የመንገድ ክፍያ መጣብኝ አለች፤ ቀጥላ መኪናዋን አስረከበች፤ አሁን ደግሞ የቤት ኪራይ ተጨመረብኝ ትላለች። መንገድ ይከራያል እንዴ? ወይስ ልጄ እኔን መርዳት ታክቷት ነው ምክንያት የምትፈጥረው? እውነቱን ንገሩኝ።»

እናታችን፣ ልጅዎ አልዋሸችዎትም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው፣ ደብዳቤዎን አንብበን ስንጨርስ፣ ያስጨነቅዎ የገንዘቡ ማነስ ሳይሆን የልጅዎ ልብ መራቅ መሆኑ ስለገባን ነው። የቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሒሳቡን ደግሞ አብረን እንሥራው። በውጭ አገር እህት ወይም ልጅ ያላችሁ አንባቢያን ብዙዎች ናችሁና እናንተም ተከታተሉን። (ስለ ለንደን የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገድ ይከራያል እንዴ ብለው ለጠየቁት፣ በእኛም አገር ቢሆን ኬላ የሚባል ነገር እንደነበረ ከታላላቆችዎ ሰምተው ይሆናል። ነጋዴው ጭነቱን ይዞ ሲመጣ ከኬላው ይቆምና ቀረጡን ከፍሎ ያልፍ ነበር። የለንደኑ ኬላ ግን ዘበኛም ሰንሰለትም የለውም። በየመንገዱ ዳር ከምሰሶ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ያነባል፤ ባለመኪናው በኋላ ከቤቱ ሆኖ ይከፍላል። ረስቶ ያልከፈለ እንደሆነ 180 ፓውንድ የሚጠይቅ የቅጣት ወረቀት ይደርሰዋል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለ ግማሹ ይቀነስለታል።

ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የመጨናነቅ ክፍያ የሚባለው ሲሆን፣ በከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን ዘመን በፌብሩዋሪ 2003 ተጀመረ። ያን ጊዜ በሥራ ቀን መሀል ከተማ የሚገባ መኪና በቀን 5 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ እየጨመረ ሄዶ በ2020 ዓ.ም. 15፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ 18 ፓውንድ ሆኗል። ይህኛው ከተማው ዳር የምትኖረውን ልጅዎን የሚነካት አይመስለንም። እሷን የነካት ሁለተኛው፣ የጭስ ክፍያ ብለን ልንጠራው የምንችለው ነው። አሮጌና ጭሳም መኪና የሚነዳ ሰው፣ በነዳበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ተኩል ይከፍላል። በ2019 ከመሀል ከተማ ተነሣ፤ በ2021 ወደ ውጭ ሰፋ፤ ኦገስት 29 ቀን 2023 ለንደንን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነ። ልጅዎ «የመንገድ ክፍያ መጣብኝ» ያለችዎት በዚያ ሰሞን መሆን አለበት። በአመዛኙ ከ2006 በፊት የተሠራ የቤንዚን መኪናና ከ2015 መጨረሻ በፊት የተሠራ የናፍጣ መኪና ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ነጻ ነው። እንግዲህ አዲስ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው ክፍያውን ሳያውቀው ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ሥራ እንምጣ። የክፍያው ቀን የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ማታ በሦስት ሰዓት ከቤቷ ትወጣለች፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ትመለሳለች እንበል። የሠራችው አንድ ሌሊት ነው፤ የተቆጠረባት ግን ሁለት ቀን፣ 25 ፓውንድ ነው። ቀን የሚሠራው ጎረቤቷ በዚያው ዓይነት መኪና፣ በዚያው መንገድ ደርሶ መልስ ቢሄድ የሚከፍለው 12 ተኩል ብቻ ነው። ሰኞ ማታ ጀምራ እስከ ዓርብ ማታ አምስት ሌሊት ብትሠራ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ነድታለችና በሳምንት 75 ፓውንድ ይሆናል። በአራት ሳምንት 300 ፓውንድ። ለእርስዎ ይላክ የነበረው ገንዘብ የት እንደገባ ለማወቅ ከዚህ በላይ መመራመር ያለብን አይመስለንም።

ሌሊት አረጋዊ የሚያገላብጡት፣ ሆስፒታል የሚያጸዱት፣ ጎህ ሳይቀድ ቢሮ የሚወለውሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከሌላ አገር የሄዱ ናቸው። ይህን የቀን አቆጣጠር ያወጣው ሰው ሌሊት ሠርቶ አያውቅም ብንል ሐሜት አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ፣ እናታችን፣ ክፍያውን ያመጡት ሰዎች ክፉዎች ናቸው ብለው እንዳይደመድሙ አንድ ታሪክ ልንነግርዎ ይገባል። በደቡብ ለንደን ሉዊሻም በሚባለው ሠፈር፣ መኪና ሌት ተቀን ከማይቋረጥበት አውራ ጎዳና አጠገብ ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። አስም ያዛት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ25 ጊዜ በላይ ሆስፒታል ገባች፤ በፌብሩዋሪ 2013 ዘጠኝ ዓመቷ ሆኖ ሳለ አረፈች። እናቷ ወይዘሮ ሮዛመንድ መምህርት ነበሩ። ልጄን የገደላት ምንድን ነው ብለው አልተኙም። የመጀመሪያው የአሟሟት ምርመራ ስለ አየሩ ምንም ያለው ነገር ስላልነበረ፣ ተከራክረው በ2019 በከፍተኛው ፍርድ ቤት አሰረዙት። እንደገና ተመርምሮ በዲሴምበር 2020 መርማሪው ዳኛ የመኪና ጭስ ለሕፃኗ ሞት አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰኑ። በእንግሊዝ አገር የተበከለ አየር የአንድ ሰው ሞት ምክንያት ተብሎ በስሙ ሲመዘገብ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት የተመላለሱ እናት ናቸው። ልጅ የወለደች ሁሉ ይህን ስትሰማ 12 ፓውንድ ተኩሉን በሌላ ዓይን ታየዋለች። ደግሞም በአውራ ጎዳና ዳር፣ ኪራዩ ረከስ በሚልበት ቤት የሚኖረው ድኃው ነው፤ በ2021 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከለንደን ቤተሰብ ከ100ው 42ቱ ያህል መኪና የሚባል የላቸውም። ጭሱን የሚተነፍሰውና ጭሱን የሚያወጣው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። የልጅዎም ልጆች የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ክፍያው ተገቢ ነው፤ እርዳታው ግን ዘግይቷል የሚል ነው። አሮጌ መኪናውን ለሚያስረክብ ሰው ከተማው 2,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። መጀመሪያ ግን ይህ የተፈቀደው የመንግሥት ድጎማ ለሚቀበሉ ችግረኞችና ለአካል ጉዳተኞች ነበር። ሠርታ የምታድር፣ ግን ከደመወዟ የማይተርፋት ሴት ከሁለቱም ወገን ሳትሆን ቀረች። የልጆች አበል የሚቀበሉ እናቶች እንዲገቡ የተደረገው ጁላይ 31 ቀን 2023 ነው፤ የቀረው የከተማው ነዋሪ ደግሞ ኦገስት 21 ቀን። ክፍያው የሚጀምረው ኦገስት 29 ቀን ነበር። በአንድ ወር፣ ለአንዳንዱም በስምንት ቀን ውስጥ መኪና ሸጦ መኪና መግዛት ምን ማለት እንደሆነ፣ አንዲት የቤት ዕቃ እንኳ ለመለወጥ ስንት ወር እንደምንቆጥብ የምናውቅ እኛ እንፈርዳለን። በ2,000 ፓውንድ የሚገኘው መኪና ደግሞ ከተሰጠው ብዙ የተሻለ አይደለም። ልጅዎ መኪናዋን አስረክባ ሌላ ሳትገዛ የቀረችው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ፖለቲከኞቹ በዚህ ላይ ያልተባባሉት የለም። በለንደን ዳር ያሉ አራት ወረዳዎችና አንድ አጎራባች አውራጃ ከንቲባውን ሳዲቅ ካንን ከሰው፣ በጁላይ 2023 ተረቱ። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ አክስብሪጅ በተባለው ዳርቻ ሠፈር በተደረገ የፓርላማ ማሟያ ምርጫ፣ የጭስ ክፍያውን የተቃወመው ዕጩ በ495 ድምፅ ብቻ አሸንፎ ነበርና አገሩ ሁሉ ስለ መኪና ማውራት ያዘ። በሜይ 2024 የከንቲባ ምርጫ ሲደርስ፣ የከተማው ጉባኤ አባል ሱዛን ሆል በተመረጥኩ በመጀመሪያው ቀን ክፍያውን ከዳርቻው አነሣለሁ አሉ። ካን ደግሞ እስከ 2030 ዓ.ም. 40,000 የመንግሥት ቤቶች እንዲሠሩ አደርጋለሁ አሉ። ካን ወደ 44 በመቶ፣ ሆል ወደ 33 በመቶ ድምፅ አግኝተው፣ ካን ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። እኒህ ሰው የአውቶቡስ ሾፌርና የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው፤ ያደጉትም እኛ የቀበሌ ቤት ብንለው ብዙ በማንስትበት በወረዳው ቤት ውስጥ ነው።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። በ2008 ሊቪንግስተንና ቦሪስ ጆንሰን ሲወዳደሩም የተጣሉት በእነዚሁ በሁለቱ ነገሮች ላይ ነበር። ጆንሰን ሲያሸንፉ፣ ሊቪንግስተን ነዳጅ በሚያባክኑ ትላልቅ መኪናዎች ላይ ሊጥሉት የነበረውን የ25 ፓውንድ ክፍያ ሰረዙ፤ አዲስ ከሚሠሩ ቤቶች ግማሹ በረከሰ ዋጋ እንዲሆን የተያዘውንም ግብ ተዉት። በዚያች ከተማ ከንቲባ በተለወጠ ቁጥር ቤቱና መንገዱ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ክርክሩ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው ይቀርባሉ፤ መጀመሪያ ስለ ቤት ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ፤ ቀጥሎ ስለ መኪና ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። ልጅዎ ግን ሁለቱንም የምትከፍለው ከአንድ መቀነት ፈትታ ነው።

ለመሆኑ መኪና ለምን አስፈለጋት? ከሥራዋ ርቃ ስለምትኖር ነው። ለምን ርቃ ትኖራለች? መሀል ከተማው ኪራይ ስላልቀመሰችው ነው። እዚህ ላይ የነገሩን ሥር እናገኘዋለን። ለንደን ቀድሞ እጅግ ብዙ የወረዳ ቤቶች ነበሯት። በ1980 ዓ.ም. በማርጋሬት ታቸር መንግሥት በወጣው ሕግ፣ ተከራዮች የሚኖሩባቸውን የወረዳ ቤቶች በቅናሽ የመግዛት መብት አገኙ። ገዝተው የቤት ባለቤት የሆኑት ደስ አላቸው፤ ማንም ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። የተሸጡት ቤቶች ግን በሌላ አልተተኩም። የዛሬዋ አስታማሚ የምትገባበት ቤት ያን ጊዜ ተሸጦ አልቋል።

በኋላ «ተመጣጣኝ ቤት» የሚል ቃል መጣ። ይህን ቃል በእኛም አገር ጋዜጦችና በስብሰባ ላይ ዘወትር እንሰማዋለን። አንዲት እናት ግን ቃሉን ስትሰማ ወዲያው መጠየቅ ያለባት «ከምን ጋር የተመጣጠነ?» ብላ ነው። በ2011 በእንግሊዝ በወጣው ደንብ ተመጣጣኝ ኪራይ ማለት ከገበያው ዋጋ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ኪራይ ማለት ሆነ። የተመጣጠነው ከገበያው ጋር ነው፤ ከደመወዝ ጋር አይደለም። ለአብነት ያህል አንድ ቤት በገበያ በወር 2,000 ፓውንድ የሚከራይ ቢሆን፣ ተመጣጣኙ እስከ 1,600 ሊደርስ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ አረጋዊ ስታገላብጥ ለምታድር ሴት 1,600ው ከምኗ ጋር ይመጣጠናል? ገበያው ሲንር ተመጣጣኙም አብሮ ይንራል፤ ደመወዟ ግን ባለበት ነው። በርበሬ በተወደደ ጊዜ «ከዋጋው ሃያ በመቶ ቀንሼልሻለሁ» እንደሚል ነጋዴ ነው፤ ቅናሹ እውነት ነው፣ በርበሬው ግን አይገዛም።

በእርግጥ ከወረዳ ቤት ጋር የሚቀራረብ፣ በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ቤትም አለ፤ ካንም ከተመረጡ ወዲህ ወደዚያ ለማዘንበል ሞክረዋል። ከ2017 ጀምሮ ከሚሠራው ቤት 35 በመቶውን ተመጣጣኝ የሚያደርግ ገንቢ ፈቃዱን በአቋራጭ እንዲያገኝ አደረጉ። በኦክቶበር 2025 ግን የግንባታው ሥራ በእጅጉ ስለቀነሰ፣ ከንቲባውና ማዕከላዊው መንግሥት ተስማምተው 35ቱን ለጊዜው ወደ 20 አወረዱት። ከብዙ ትንሽ ይሻላል ከምንም ይሻላል ነው ነገሩ። ገንቢዎቹ አልሠራም ሲሉ መቶኛው ዝቅ ይላል፤ ልጅዎ ጭሱን አልከፍልም ብትል ግን የሚደርሳት የ180 ፓውንድ ወረቀት ነው። ሁለቱ ግዴታዎች እኩል አይጠብቁም።

ቤት አጥተው ወረዳው በጊዜያዊ መጠለያ ያስቀመጣቸው የለንደን ነዋሪዎች ከ170,000 በላይ መሆናቸውን ወረዳዎቹ ራሳቸው የሚናገሩት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው። ወረዳው ቤት ሲያጣ ደግሞ እናቲቱን ወደ ሌላ ወረዳ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሌላ ከተማ ይልካታል። ልጁ ግን ትምህርት ቤቱ እዚያው ቀርቷል። አሮጌ መኪና የሚገዛው ያን ጊዜ ነው፤ ጠዋት ልጅ ለማድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ለመመለስ። ከሠፈሯ ያራቃት አንደኛው መሥሪያ ቤት ነው፤ ርቀቱን በነዳች ቁጥር የሚያስከፍላት ሌላው መሥሪያ ቤት ነው።

በዚህ ረገድ የጥቂት ወጣት እናቶችን ሥራ ሳናነሣ አናልፍም። በ2013 በምሥራቅ ለንደን ኒውሃም በተባለው ወረዳ፣ ፎከስ ኢ ፊፍቲን በሚባል የወጣቶች መጠለያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 29 እናቶች ልቀቁ ተባሉ። ወደ በርሚንግሃም፣ ወደ ማንቸስተር፣ ወደ ሄስቲንግስ ሂዱ የሚል ምክር ተሰጣቸው። ለእኛ አንባቢያን ለማስረዳት ያህል፣ ሕፃን ታቅፋ ከአዲስ አበባ ተነሥተሽ ሐዋሳ ወይም ደሴ ሂጂና ኑሪ እንደመባል ነው፤ እናቷን፣ እህቷን፣ ልጅ የሚይዝላትን ጎረቤት ሁሉ ጥላ። አልሄዱም። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሕፃናት ጋሪያቸውን እየገፉ ከገበያው መንገድ ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ማስረዳት ጀመሩ። በሴፕቴምበር 2014 በዚያው ወረዳ ለዓመታት ባዶ ከተቀመጡት የወረዳ ቤቶች ገብተው ለሁለት ሳምንት ያህል ተቀመጡ። ሰው የለም የተባለበት ቤት በሩ ሲከፈት ወጥ ቤቱም ቧንቧውም ደህና ሆኖ መገኘቱን አገር አየ። የወረዳው መሪ በጋዜጣ ይቅርታ ጠየቁ። እናቶቹ የወረዳ ቤት አግኝተዋል ማለት አይቻልም፤ አብዛኞቹ ግን ከለንደን ሳይወጡ ቀሩ።

«ታዲያ ከመኪና የተሰበሰበው ገንዘብ ለምን ቤት አይሠራበትም?» የሚል ጥያቄ በአእምሮዎ እንደሚመጣ እንገምታለን። መልካም ጥያቄ ነው። መልሱ ሕግ አይፈቅድም የሚል ነው። በ1999 ዓ.ም. የለንደንን አስተዳደር ያቋቋመው ሕግ ከመንገድ ክፍያ የሚገኘው ትርፍ ለመጓጓዣ እንዲውል ያዛል። የቤቱ ገንዘብ የሚመጣው በአመዛኙ ከማዕከላዊው መንግሥትና ከገንቢዎች ነው። ከንቲባው ሁለት ከረጢት ይዘዋል፤ አንዱን ወደ ሌላው መገልበጥ አይችሉም። የግል ቤት ኪራይንም ለመወሰን ሥልጣን የላቸውም፤ በ2019 ይህ ሥልጣን ይሰጠኝ ብለው ጠይቀው ማዕከላዊው መንግሥት አልሰጣቸውም።

የመጓጓዣው ከረጢት ግን ለሴቶች የጠቀመበት ሥራ አለ፤ እሱን ሳንናገር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የሴት መንገድ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብሎ ቀጥ ያለ አይደለም። ልጅ ታደርሳለች፣ ከዚያ ገበያ ታልፋለች፣ የታመመ ታያለች፣ ከዚያ ነው ሥራዋ። አውቶቡስ በወጣች በወረደች ቁጥር የምትከፍል ከሆነ፣ አንድ መንገድ የሚሄደው ባሏ አንዴ ሲከፍል እሷ ሦስቴ ትከፍላለች። በለንደን ከ2016 ጀምሮ አንዴ የከፈለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ሲለውጥ በነጻ እንዲሳፈር ተደረገ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ በዚያ ሰዓት ውስጥ የፈለገውን ያህል ቢለውጥ ሒሳቡ የአንድ ጉዞ ብቻ ነው። ልጆችም አውቶቡሱን በነጻ ይሳፈራሉ። ልጅዎ መኪናዋን ካስረከበች በኋላ ሥራዋን ሳትለቅ የቀረችው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዋጋውን የምትከፍለው በእንቅልፏ ነው፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ፣ ሌሊት አውቶቡስ እየጠበቀች ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆንባት ይችላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት፣ እልል ብላ ቁልፏን ተቀብላ ኮየ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ የገባች የአዲስ አበባ ሴት፣ ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ለሚገኘው ሥራዋ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትነሣ ራሷ ትናገር። ቤቱ ርካሽ ነው የተባለው የመንገዱ ሒሳብ ሳይደመርበት ነው። ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆመው እሷ፣ ሰዓቷን ማንም በሒሳብ አልያዘላትም።

ስለ ኪራዩ ጭማሪ ለልጅዎ የምታስተላልፉላት አንድ ነገር አለን። በእኛ አገር በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ እንዳደረገው ሁሉ፣ በእንግሊዝም በኦክቶበር 2025 አዲስ የተከራዮች መብት ሕግ ጸድቋል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሜይ 1 ቀን 2026 ተብሎ ተወስኗል። በዚህ ሕግ አከራይ ያለ ምክንያት ተከራይን ማስወጣት አይችልም፤ ኪራይ የሚጨምረውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ አስታውቆ ነው። ጭማሪው ከገበያው በላይ ከመሰላት ለዳኞች ጉባኤ ማመልከት ትችላለች፤ ጉባኤውም አከራዩ ከጠየቀው በላይ አይወስንባትም። ልብ በሉ፣ እዚህም ላይ መለኪያው ገበያው ነው። ቢሆንም ወረቀቱን ሳታይ እሺ እንዳትል ይንገሯት። በቃል የተነገረ ጭማሪ ጭማሪ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረን። በደብዳቤዎ መጨረሻ «ስደውልላት አታነሣም» ብለዋል። የሚደውሉት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደሆነም ጽፈዋል። ለንደን ከእኛ በክረምታቸው ሦስት ሰዓት፣ በበጋቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እርስዎ ከቀኑ በአምስት ሰዓት ሲደውሉ፣ እዚያ በክረምቱ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ልጅዎ ከሌሊት ሥራ ወጥታ አውቶቡስ ላይ ናት፤ ወይም ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት እየሸኘች ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደግሙ ደግሞ ገና ጋደም ማለቷ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሲመሽ ይደውሉላት፤ ያን ጊዜ ተነሥታ የልጆቿን ራት ትሠራለች። ስለ ገንዘቡ ሳይሆን መጀመሪያ ሌሊት በስንት አውቶቡስ እንደምትሄድ ይጠይቋት።